የእሌኒ ስንዴ

ጉድ ያደረገኝ አፌ ነው። እኛ ቤት ሰው መንገድ ሲነሣ "የምትልኩት ነገር አለ?" ብሎ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ አይወጣም፤ እኔም ከእናቴ የወረስኩት ይህንኑ ነው። ጠያቂው ለወግ ይጠይቃል፣ ተጠያቂውም "ኧረ ምንም፣ ብቻ በሰላም ተመለሽ" ይላል፣ በዚያው ያልቃል። ኖርዌጂያኖችን ብትጠይቁማ ግራ ገብቷቸው ያዩዋችኋል እንጂ የሚልኩት የላቸውም። እኔም ይህን ተማምኜ ነው የጠየቅሁት። ኮስታስ ኖርዌጂያን አለመሆናቸውን ግን ረስቼው ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2009 መስከረም ላይ ነው። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኦስሎ ውስጥ ቢየርቪካ፣ ግንባታው ገና ጦፎ ክሬኑ ከሰው በሚበዛበት ጊዜ፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቢሮ አጸዳ ነበር። ኮስታስ የሕንፃው ቫክትሜስተር ናቸው፤ አምፖል የሚቀይሩ፣ ቧንቧ የሚጠግኑ፣ የተበላሸውን ሁሉ እየተራገሙ የሚያስተካክሉ፣ ስድሳውን ያለፉ የቆጵሮስ ሰው። በኖርስክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አንቱታ የለም፣ ሁላችንም አንተ ነው የምንላቸው። በአማርኛ ሳወራላችሁ ግን አፌ እምቢ ስላለኝ አንቱ ማለቴን እወቁልኝ።

በዚያው በጋ የኖርዌይ ፓስፖርቴ እጄ ገባ። ዐሥር ዓመት በስደተኛ ወረቀት ስንከራተት ከርሜ ፓስፖርት ሳገኝ አንድ ነገር ብቻ አማረኝ፤ ማንም ሳይጋብዘኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ዝም ብዬ መሄድ። ቆጵሮስን የማውቃት ከግብረ ሐዋርያት ነው፤ ትኬቷም ረከሰችልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስናገር ጓደኛዬ ጽጌ ጮኸችብኝ።

"ብቻሽን? ባሕር ዳር? ባል ልትፈልጊ ነው አይደል!"

"ባል ብፈልግ ማዮርስቱን ባቡር ጣቢያ ቆሜ እመርጥ ነበር እንጂ አውሮፕላን ምን ያሳፍረኛል?" አልኳት። ሳቀች፣ ግን አላመነችኝም።

ከመሄዴ ሦስት ቀን በፊት ምድር ቤት ባለችው የእረፍት ክፍል ኮስታስን አገኘኋቸው። የተሰበረ የበር እጀታ ይፈታሉ። "ኮስታስ፣ አገርዎ ልሄድ ነው። የሚልኩት ነገር አለ?" አልኳቸው፣ እንጀራዬን እየጠቀለልኩ።

መፍቻቸውን አስቀመጡ። "አለ" አሉ።

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ።

የኮስታስ መንደር ደሴቲቱ በፈረንጆቹ 1974 ስትከፈል በሰሜን፣ በቱርኮቹ በኩል የቀረ ነው። ብርቱካን የሚበቅልበት ቀዬ ነው አሉኝ። ጦርነቱ ሲመጣ እናታቸው እሌኒ ከሞቱ ገና ሠላሳ ስድስት ቀናቸው ነበር። በእነሱም ዘንድ አርባ አለ። ለአርባው ስንዴ ይቀቀላል፣ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል፣ ለሰው ይታደላል። "እህቴ ስንዴውን ለቅማ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣው ነበር። አራት ቀን ሲቀረው ሸሸን። ልብስ እንኳ አልያዝንም" አሉኝ።

"እኛም ንፍሮ አለን" አልኳቸው።

"አንድ ሻማ አብሪላት፣ ሌላ አልፈልግም።"

"ራስዎ ለምን አይሄዱም? ድንበሩ ከተከፈተ ስድስት ዓመት ሆነው አይደል?"

"የራሴን ቤት ለማየት ፓስፖርት አላሳይም!" ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ደግሞስ ባይኖርስ? እዚያ መቃብር ተሰባብሯል ይላሉ። አሁን አለ እያልኩ ነው የምኖረው። ሄጄ ባጣውስ?" ወረቀት አውጥተው የመንደሩን ካርታ ሣሉልኝ፤ ቤቱን፣ የሻይ ቤቱን ዛፍ፣ መቃብሩን። ሲሰጡኝ እጄን ያዙ። "አንድ ነገር ብቻ። እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ከሌለ የለም በይኝ። እንዳታዝኚልኝ።"

ማንም ብልህ ሰው እዚህ ላይ ሰበብ ፈልጎ ያመልጥ ነበር። እኔ ግን ተዝካሯ ያልወጣ እናት ስሰማ አንጀቴ አይችልም። "ሻማ ብቻ አይደለም፣ ስንዴውንም እኔው እቀቅላለሁ!" ብዬ ዐረፍኩት። አፌን ምን ላድርገው?

ባረፍኩባት የባሕር ዳር ከተማ፣ ላርናካ፣ ሁለት ቀን ባሕሩን ሳይ ዋልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን አርብ ማለዳ፣ ባረፍኩባት ትንሽ ማብሰያ ባለባት ክፍል ስንዴዬን ቀቀልኩ፤ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ፣ ሻማዬን ይዤ፣ ኒቆስያ በአውቶቡስ ሄድኩ። ከድንበሩ መሻገሪያዎች አንዱ የሆነው የሌድራ መንገድ ከተከፈተ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። ጫማ ቤት፣ አይስክሬም ቤት፣ ሽቶ ቤት እያያችሁ ትሄዱና በመሐል መንገዱ ላይ የፖሊስ ጎጆ ይገተርባችኋል። ጥቂት እርምጃ ባዶ ቤት፣ የጥይት ቀዳዳ፣ የአሸዋ ጆንያ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ የፖሊስ ጎጆ፣ ሌላ ባንዲራ። አንዲት ከተማ ናት እኮ!

በሰሜን በኩል ያለው ፖሊስ ቦርሳዬን አስከፈተኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስንዴ።"

"ለምን?"

"ለሞተ ሰው" አልኩት። ተዝካርን በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ላስረዳው? ልጁ ስንዴውን አየ፣ እኔን አየ፣ አለቃውን ሊጠራ ፈልጎ ተወው መሰለኝ፤ በትንሽ ነጭ ወረቀት ላይ ማኅተም መትቶ አሳለፈኝ። ፓስፖርቴ ላይ ምንም አልመታም። ለእኔ ቀላል ነበር፣ ቤቴ አልነበረማ።

ሚኒባስ ተራው ላይ የመንደሩን ስም ስናገር ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲያው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ወረቀቴን ተቀብለው አነበቡና "ይሄ የድሮ ስሙ ነው፤ ዛሬ ሌላ ነው የሚባለው። ግቢ" አሉኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ በብርቱካን ማሳ መሐል ሄድን። እቅፌ ውስጥ ያለው ስንዴ ይሞቀኛል። ከሌለ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ በኖርስክ አረፍተ ነገር ስሠራ፣ ሳፈርስ ቆየሁ።

ቤቱን አላጣሁትም፤ ሁለት የድንጋይ ደረጃ፣ ከበሩ በላይ ክብ መስኮት፤ ኮስታስ የሣሉት ቁጭ ብሏል። ፈራ ተባ እያልኩ አንኳኳሁ። ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ አጠር ብለው ወፈር ያሉ ሴትዮ ከፈቱና ገና ሳልናገር በእንግሊዝኛ ጮኹብኝ።

"ክፍል የለም! ለተማሪ አላከራይም!"

ያኔ በሰሜኑ ዩኒቨርሲቲዎች የአፍሪካ ተማሪ ይታይ ጀምሮ ነበር፤ ቤት ፈላጊ መስዬያቸው ነው። "ኧረ ተማሪም አይደለሁ፣ እማማ" አልኩና ኮስታስ የጻፉልኝን ወረቀት ሰጠኋቸው። ላዩ ላይ በግሪክኛ የእናታቸው ስም አለ። ሴትዮዋ ግሪክኛ ያነባሉ ብዬ አላሰብኩም። ጣታቸውን ስሙ ላይ አስቀምጠው "እሌኒ" አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። "ማን ነው የላከሽ?"

"ልጃቸው። ኖርዌይ ነው ያሉት።"

ገብተው በሩን ዘጉት።

ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ዐሥር ደቂቃ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ቤቴን ሊወስዱብኝ መጡ ብለው ፈርተው ይሆናል፣ ፖሊስ ሊጠሩ ይሆናል፤ ያልመጣብኝ ሐሳብ የለም። ልሄድ ዞር ስል በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ የሣር ባርኔጣ ደፍተዋል፤ በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ትንሽ መኮትኮቻ ይዘዋል።

"ኤሚኔ እባላለሁ። ነይ" አሉኝ።

መንገድ ላይ፣ ከጦርነቱ በፊት ለንደን ልብስ ስፌት ሰባት ዓመት እንደሠሩ፣ እንግሊዝኛውን እዚያ እንደለመዱት ነገሩኝ። ስለ እሌኒ ግን ትንፍሽ አላሉም። መቃብሩ ደረስን። እብነ በረዱ ሁሉ ተፈረካክሷል፣ መስቀሎቹ ከሥራቸው ተነቅለዋል፤ ከድንጋይ ላይ የሰው ፎቶ ሳይቀር ተፍቋል። ሬሳ ምን አደረጋቸው? "ይሄንን ልታሳዪኝ ነው ያመጣሽኝ?" ብዬ በአማርኛ ተናገርኳቸው፤ አንቱታውም ጠፋኝ። ምን እንዳልኩ ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ገብቷቸዋል።

"ልጆች ናቸው ያደረጉት፣ ድሮ። እኛም አፍረን ዝም አልን። አሁን ወደዚህ ነይ።"

በግቢው ጥግ፣ ከጥድ ዛፉ ሥር፣ አንድ መቃብር ብቻ ደኅና አለ። ዙሪያው በሲሚንቶ ተከቧል፣ አረም የለበትም፤ ራስጌው ላይ ሁለት ቦታ በሽቦ የታሰረ ያረጀ የእንጨት መስቀል ቆሟል። ስሙን ባላነበውም ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁት። ፊደሉ አንድ ነው። ኤሚኔ ባልዲያቸውን አስቀመጡና ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ፣ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ የተቀመጡ ነው የሚመስሉት።

"እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም። መንደሬ በደቡብ ነው፣ ጳፎስ በኩል። ከጦርነቱ በኋላ በዓመቱ በአውቶቡስ አምጥተው 'ይሄ ቤትሽ ነው' አሉን። ሁለት ልጆቼ ርቧቸው ያለቅሳሉ። ቁም ሣጥን ስከፍት ስንዴ አገኘሁ፤ ተለቅሞ፣ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ። እኔ ከግሪኮች ጋር ነው ያደግሁት። እንዲህ የሚለቀም ስንዴ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።"

"እሺ?" አልኩ።

"ቀቀልኩት። ልጆቼን አበላኋቸው፣ እኔም በላሁ። ከበላሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የሙት ስንዴ በልቶ ዝም አይባልም። ይሄ ቤት አርባ ያልወጣለት ሰው አለው አልኩና እዚህ መጣሁ። የሌላው ሁሉ እብነ በረድ ነው፤ አንዱ ብቻ እንጨት መስቀል የተተከለበት፣ ገና ድንጋይ ያልተሠራለት ነበር። እሷ መሆኗን ያኔ አወቅሁ። ልጆቹ ሊሰባብሩ ሲመጡ የሚሰበር ድንጋይ ስላልነበራት መስቀሉን ብቻ ገንጥለው ጣሉት፤ አንሥቼ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ እመጣለሁ።"

ሠላሳ አራት ዓመት! እኔ አንዲት የቢሮ ተክል ውኃ ማጠጣት እየረሳሁ ስንቴ ተወቅሻለሁ።

"ለምን እማማ? የማያውቋትን ሰው?"

ኤሚኔ መኮትኮቻቸውን አፈሩ ላይ ሰኩት። "እናቴ በዚያ በኩል ናት" አሉ። "እኔ የዚችን ከያዝኩ ከዚያ ደግሞ አንዷ የእኔን ትይዝልኛለች እል ነበር። ድንበሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ሄድኩ። መንደሩ ባዶ፣ መቃብሩ እሾህ ነው፣ ፍየል ይግጥበታል። ብቻዬን ስለነበርኩ ፈራሁ፤ ወደ ውስጥ ሳልገባ ተመለስኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴ ሳልገባ እዚህ መጥቼ ይቺን አጠብኩ።"

ለቅሶዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም። የእናቷን መቃብር ፍየል ሲግጥበት አይታ፣ በዚያው ቀን የሌላውን ወገን እናት የምታጥብ ሴት! እኔ ብሆን ያችን መስቀል ነቅዬ እጥላት ነበር። አውቃለሁ እጥላታለሁ።

ሻማውን አበራሁ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ኤሚኔም መዳፋቸውን ዘርግተው የራሳቸውን ጸሎት አደረሱ። ስንዴውን ስከፍተው ፊታቸው በራ፣ "ጎሊፋ!" አሉ፤ እነሱም ዘንድ አለ ለካ። በእፍኝ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም መልሰው ከእጃቸው አጎረሱኝ።

"የአንቺ ሙታን የት ናቸው፣ ልጄ?" አሉኝ እያኘኩ።

አባቴ አሰብ ነው የተቀበረው። ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ ነበር። እኔ እዚያው ተወልጄ አድጌ፣ ሁለቱ አገሮች ሊዋጉ ሲሉ በፈረንጆቹ 1998 በአንድ ሻንጣ ወጣን። ቤታችን ሌላ ሴት ገባችበት ብለው በኋላ ነገሩን። ስሟን አላውቅም፣ መልኳን አላውቅም፤ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስጸልይ ጨርሼ፣ አሜን ብዬ፣ እሷን ረግሜ ነበር የምተኛው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለጽጌም ለንስሐ አባቴም። ለኤሚኔ ነገርኳቸው። አልመከሩኝም፣ አልተቆጡኝም። ከስንዴው አንድ እፍኝ ጨምረው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

ሲሸኙኝ መልእክት ሰጡኝ። "ልጇ ይምጣ። ቤቱን ይይ፣ እናቱን ይይ። ከዚያ ደግሞ ከእኔ ጋር ጳፎስ ይሂድ። እኔ የእሱን ጠብቄያለሁ፤ እሱ የእኔን አብሮኝ ይፈልግልኝ። ብቻዬን ያስፈራኛል።"

ኦስሎ ስመለስ ኮስታስ ሊፍቱ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታ የለ፣ "እንዴት ነበር" የለ። "በይ" አሉኝ ብቻ።

"አለች" አልኩ።

አላመኑኝም። "እንዳታዝኚልኝ ብዬሻለሁ!" አሉ ዐይናቸው ቀልቶ። ካሜራዬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ባልዲው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ አርቡ። "ስንዴውስ?" አሉኝ።

"ተቀቅሏል። ኤሚኔና ልጆቻቸው በልተውታል፣ ያኔ በዓመቱ። ከእህትዎ ቋጠሮ፣ የተራበ ሰው ነው የበላው።"

ኮስታስ ግድግዳውን ተደገፉ። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ ዐይናቸው ግን ከፎቶው አልተነሣም። "ሲሚንቶው በዝቷል" አሉ። "ውኃው ደግሞ አንሷል። በዚህ ሁለት ዓመት ይሰነጠቃል። ሄጄ ላስተካክለው ነው።"

አላሳይም ያሉትን ፓስፖርት አሳዩት። በሚቀጥለው ጸደይ ለፋሲካ ሄዱ፣ ለሁለት ሳምንት ብለው አንድ ወር ቆዩ። ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ ሲመለሱ የእረፍት ክፍሏ ውስጥ ያዝኳቸው።

"የኤሚኔን እናት አገኛችሁ?"

"መቃብሩን አጽድተን ዐሥራ ሰባት ድንጋይ አገኘን። ስም የለባቸውም። ኤሚኔ የቷ እንደሆነች መለየት አቃታት።"

"ታዲያ ምን አደረጋችሁ?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል አዩኝ። "ምን እናደርጋለን? ዐሥራ ሰባቱንም አጠብናቸው።"

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ደሴቲቱ ፖለቲካ ልነግራችሁ አይደለም። የማን ጥፋት እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ሞልተዋል፣ እነሱን ጠይቁ። እኔ የማውቀው አንዲት ሴትዮ ማንም ሳያያቸው፣ ማንም ሳያመሰግናቸው፣ የጠላት እናት በሚባል መቃብር ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ውኃ ሲያፈሱ መኖራቸውን ነው። ኤሚኔን ሳላያቸው በፊት ደግነት ማለት የታወቀን ሰው መርዳት ይመስለኝ ነበር።

አሰብ ቤታችን ውስጥ የምትኖረውን ሴት መርገም ግን ከዚያ አርብ ጀምሮ ትቻለሁ። ምናልባት ክፉ ናት። ምናልባትም ምንም የማታውቅ፣ እንደ ኤሚኔ በአውቶቡስ አምጥተው "ይሄ ቤትሽ ነው" ያሏት ምስኪን ናት። ወይም ደግሞ ማን ያውቃል፣ ባልዲ ይዛ አባቴ ዘንድ የምትመላለስ ሴት ናት፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ስረግማት እሷ አረም ስትነቅልለት ኖራ ይሆናል። ያንን እያሰብኩ ስንት ቀን ምግብ አልበላ ብሎኛል! መንገዱ የተከፈተልኝ ቀን ሄጄ አንኳኳለሁ። ቤቴን መልሺ ለማለት አይደለም። በሩን ስትከፍትልኝ፣ መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።